ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትተኛ ልጅ

ልጅቱ በሠላሳ ደረሳ ጩኸት መሀል እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። አባቴ ግቢያችን ውስጥ ቁርኣን ያስቀራሉ፤ ሕፃናቱ የእንጨት ሉሃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እያንዳንዱ የራሱን ምዕራፍ በራሱ ዜማ ሲያስተጋባ መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ያዳምጣል። እሷ ግን ከግድግዳው ወዲህ አፏን በመጠኑ ከፍታ ለጥ ትላለች። ላፕቶፑ ሲከፈት የሚያሰማትን ያቺን አጭር ዜማ ከሰማች ግን አለቀ። ዐይኗ ፈጠጥ ይላል፣ የታች ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ለቅሶው ይለቀቃል። ወንድሜ ይህን ባየ ቁጥር ይቺ ልጅ ከሥልጣኔ ጋር ተጣልታለች እያለ ይስቃል። አብሬው እስቅ ነበር። ዛሬ ያ ሳቁ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ልጅቱ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እኔ አልወለድኩም። ከላላ ወረዳ አግብቼ ስድስት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ልጅ ባለመውለዴ ተፈትቼ መካነ ሰላም፣ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ሰው ሲጠይቀኝ አልተስማማንም እላለሁ። እኔና ባሌስ ተስማምተን ነበር፤ ያልተስማማችው እናቱ ናት። እህቴን ደግሞ ባሏ ገና ነፍሰ ጡር እያለች ትቷት ጠፋ። ልጅቱ አምስት ወር ሲሞላት እህቴ ጅዳ፣ ሰው ቤት ልትሠራ ለመሄድ ቆረጠች። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ ቤት ውስጥ የቀረሁት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በምትሄድበት ሳምንት፣ ጁምዓ ጠዋት፣ አባቴ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ወንድሜ ከጎናቸው ተቀመጠ። እህቴ ልጅቱን ከአንቀልባው አወረደችና ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት።

"እታለሜ፣ ልጅ የለኝም ብለሽ ሁለተኛ እንዳታዝኚ" አለችኝ። "ይቺ ያንቺ ናት። ለአላህ ብዬ ሰጥቼሻለሁ።"

እኛ ቤት ቃል በወረቀት አይታሰርም። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ የቁርኣኑ መክፈቻ ፋቲሃ ተቀራ፣ አራታችንም አሚን ብለን ፊታችንን በመዳፋችን አበስን። ፋቲሃ የተቀራበትን ነገር ማፍረስ በባላንጣ መሀል እንኳ ነውር ነው፤ ደም የተቃቡ ሰዎች የሚታረቁት በሱ ነው። ያን ቀን ፊቴን ሳብስ መዳፌ በእንባ ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ የለኝም ብዬ አስቤ አላውቅም።

ላፕቶፑ የመጣው ልጅቱ ስምንት ወር ገደማ ሲሆናት ነው። ከጅዳ የተመለሰች የአገራችን ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችው። እህቴ ልጇን እንድታይበት የላከችው ነው። ወንድሜ በወረዳው አንድ ጽሕፈት ቤት ስለሚሠራ ከቤተሰባችን ኮምፒውተር የነካ እሱ ብቻ ነበር። ከአንድ ለአምስት ስብሰባው በተረፈው ጊዜ እየመጣ አስተማረኝ። የሚሰካውን ሞደም አስገዛን፣ የምስል ጥሪውን አሳየኝ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ መጻፍም አለማመደኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ መጀመሪያ አካባቢ አንዲት "ደህና ነሽ" ለመጻፍ ወጥ የሚበስልበትን ጊዜ እፈጅ ነበር።

እህቴ የምትገናኘን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። የጅዳና የኛ ሰዓት አንድ ነው። አሠሪዎቿ ምሳቸውን በልተው ጋደም ሲሉ እሷ ኩሽና ውስጥ ወለሉ ላይ ቁጭ ትልና ስልኳን ትከፍታለች። የመጀመሪያው ቀን ልጅቱ ነቅታ ነበር። በላፕቶፑ መስተዋት ውስጥ ሰው ስታይ በደስታ እየጮኸች በሁለት እጇ ደበደበችው። እህቴ አፏን በሻሿ አፍና ስታለቅስ አየኋት፤ ወዲያው ከኋላዋ አንዲት ሴት ብቅ አለችና ስልኩን ነጠቀቻት። እህቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠፋች። ተመልሳ ስትመጣ በጽሑፍ እንዲህ አለችኝ፦ "ተኝታ እያለች አሳዪኝ። ዝም ብዬ ልያት።"

የዘጠኝ ሰዓቱ እንቅልፍ እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ እሷው ናት የጠየቀችኝ፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

ልጅ ሳይነቃ ላፕቶፕ መጠቀም ሥራ ነው፤ ቀላል የሚመስለው ይሞክረው። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ እንጨቱ ይነዝራል፤ ስለዚህ ቡልኮ አጥፌ ከሥሩ አነጠፍኩለት። ባትሪው ደክሞ ከጠፋ በኋላ ሲከፈት ያቺን ዜማውን ስለሚያወጣት በትራስ አፍኜ ነው የምከፍተው። ክዳኑን በሁለት እጅ ቀስ አድርጌ አነሳለሁ። ፊደሎቹን በጥፍሬ ሳይሆን በጣቴ ሥጋ እጫናለሁ። ቃልና ቃል የሚለያየው ረጅሙ ቁልፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ ቀጭ የሚል አመለኛ ነው፤ እሱን ትቼ ቃላቱን አያይዤ እጽፋለሁ። እህቴ መልእክትሽን ለማንበብ ትንፋሽ ያጥረኛል ትለኝ ነበር። የመስተዋቱ ብርሃን ልጅቱ ፊት ላይ እንዳያርፍ አስጠግቼ ሳዞረው፣ እህቴ ከዚያ ወገን ጆሮዋን፣ እግሯን፣ አንገቷ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ አሳዪኝ እያለች ትጽፋለች። አንድ ቀን ጥርስ አወጣች ወይ አለችኝ። በትንሿ ጣቴ የላይ ከንፈሯን አነሳ አድርጌ ሁለቷን ጥርሶች አሳየኋት። ልጅቱ አልነቃችም። በዚያች ቀን በራሴ ኮራሁ።

እህቴ እዚያ ድምፅ እንዳታሰማ አሠሪዎቿ ተኝተዋል፤ እኔ እዚህ ድምፅ እንዳላሰማ ልጅቱ ተኝታለች። ሁለት እህትማማቾች ዓመት ሙሉ ተያይተን አንዲት ቃል በአፋችን ሳንለዋወጥ ኖርን።

አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ ሌላው ሰው ያልተናገረውን ጥፋት እኔ የኔን ልናገር። እህቴ በዓመቷ ወደ ሌላ ቤት ተዛወረች። የአዲሶቹ ሰዎች ፀባይ ደህና ስለነበር በፈለገችው ሰዓት መደወል ቻለች። አሁን ነቅታ ልያት፣ ድምፄን ትስማ፣ እማ ትበለኝ ማለት ጀመረች። ልጅቱ እማ የምትለው እኔን ነበር። ዳዴ ብላ የመጣችው ወደኔ ነው፤ ቆማ የሄደችውም ከአባቴ ምንጣፍ ተነሥታ ወደኔ ቀሚስ ነው። እህቴ ሌላ ሰዓት ስትደውል መስመር የለም እያልኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጸናኋት። ከጠዋት ጀምሬ ልጅቱን ሳላስተኛት ገበያ ለገበያ ይዣት እዞራለሁ። ስምንት ተኩል ላይ ሞቅ ባለ ውሃ አጥቤ ቅቤ እቀባታለሁ። የሻርፔን ጫፍ ካልያዘች ስለማትተኛ ጫፉን እሰጣታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳታል። እህቴ ትደውላለች። "አሁን ገና ተኛች፣ አትቀስቅሻት" ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ስንት ቀን እንደጻፍኩት አላህ ይወቀው።

ክፋት ነው ብዬ አላሰብኩትም። ልጅቱ ተሰጥታኛለች፤ ፋቲሃ ተቀርቶባታል። የሰጡትን ነገር ማየት ይቻላል፣ ደጋግሞ መነካካት ግን ምን ይሉታል እያልኩ ለራሴ እከራከር ነበር።

ልጅቱ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ወንድሜ ለክትባት ካርድ ፎቶ ያስፈልጋታል ብሎ መጣ። እኔው ነኝ ያዘጋጀኋት። ፀጉሯን ቀብቼ ሁለት ቦታ ጎነጎንኩ፣ ለኢድ የገዛሁላትን ቢጫ ቀሚስ አለበስኳት፣ ፎቶ ቤት ድረስ አዝዬ ወሰድኳት። ኮብልስቶኑ ገና እየተነጠፈ ስለነበር በድንጋዩ ክምር መሀል እየተንገዳገድኩ ነው የሄድኩት። ፎቶ አንሺው ሳቂ ሲላት እሷ ወደኔ ዞራ ስለምትስቅ ከመብራቱ ኋላ ቆሜ አፌን ሳጣምም ቆየሁ። ለክትባት ካርድ እንዲህ ያለ ቆንጆ ፎቶ ምን ያደርጋል ብዬ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዴ ልጅቱን አስተኝቼ ላፕቶፑን በትራስ አፍኜ ከፈትኩት። ወንድሜ ከምሳ በፊት ሲጠቀምበት ስለነበር የራሱን መልእክት ሳይዘጋ ትቶታል። እህቴ የጻፈችለት ብቅ አለ። ድምፁን ራሴ ስላጠፋሁት ያለ ምንም ድምፅ ነው ብቅ ያለው።

"ፎቶው ደረሰኝ፣ ማሻአላህ። እታለም አልሰማችም አይደል?" ይላል።

ወደ ላይ ገፋሁት። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት ነውሩ የማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነበር። የአምስት ወር ጽሑፍ ነው። እህቴ እዚያው ከሚሠራ ያገራችን ሰው ጋር ኒካህ አስራለች። ሰውዬው አዲስ አበባ ቤት አለው፤ ከኢድ በኋላ ጠቅልለው ሊገቡ ነው፤ ልጅቱን ትወስዳለች። የልደት ወረቀቷን ወንድሜ ከቀበሌ አውጥቷል። አባቴ ምስክር ሆነው ፈርመዋል። ወንድሜ ከሦስት ወር በፊት እንዲህ ብሎ ጽፎላታል፦ "ለሷ ከአሁኑ አንነግራትም። ቤቱን ለቅሶ ቤት ታደርገዋለች። አንቺ ስትመጪ ይለይላት።"

ስለኔ ነው የሚያወራው። በየቀኑ ማዕዴ ላይ እየቀረበ እጁን የሚታጠብ ወንድሜ። አባቴም በየጠዋቱ ልጅቱን አቅፈው ዱዓ ሲያደርጉላት የት እንደምትሄድ ያውቁ ነበር። ልጮህ ፈለግሁ። ደረቴን እየደቃሁ ግቢው መሀል ወጥቼ በዚያ ሁሉ ደረሳ ፊት ልጮህ ፈለግሁ። ልጅቱ ግን ተኝታለች። የሻርፔን ጫፍ በእጇ ጨብጣለች፤ ከተነሣሁ ትነቃለች። አምስቱን ወር ከላይ እስከ ታች በጣቴ ሥጋ እየገፋሁ አንብቤ ስጨርስ አንዲት ድምፅ አላወጣሁም። ዝም ማለቱን ከዓመት በላይ ተለማምጄዋለሁ፤ እነሱም በዚህ ነው የተጠቀሙብኝ።

ወንድሜን ስይዘው አልካደም። ለአንቺ ብለን ነው፣ ቀድመሽ ከምታዝኚ ብለን ነው አለኝ። ለእኔ ተብሎ የተደረገልኝን ነገር ሁሉ ቆጠርኩለት፤ የተፈታሁትም ለእኔ ተብሎ ነበር። እሱ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ። አባቴን ግን ደረሳዎቹ እስኪበተኑ ጠበቅኳቸው። የተስቢሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ፋቲሃ ተቀርቶ የለም ወይ? አንቱ ራስዎ አሚን አላሉም?"

ተስቢሃቸው ቆመ።

"ልጄ፣ እኔ ያን ቀን አሚን ያልኩት መንገዷ እንዲቃናላት ነው" አሉኝ።

"እኔ ግን ልጅ ተቀብዬ ነው አሚን ያልኩት። አንቱ ፊት ነው የተቀበልኳት።"

እናቷ ናት፣ ምን ልበላት አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ። አባቴ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌላ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞባቸው ቢመጣ ፋቲሃ ያፈረሰውን ወገን እንዴት እንደሚቆጡት አውቃለሁ። ያን ቀን ግን የሚቆጡት ሰው አጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ፤ ቢሆንም አላዘንኩላቸውም።

እህቴ ከኢድ በኋላ መጣች። ሽቶ የጠገበ ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ሦስት ሻንጣ ይዛ፣ ወፍራ፣ አምራ። ልጅቱ ስታያት ሮጣ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። እህቴ አሻንጉሊት ዘርግታ ስትለማመጣት ልጅቱ አሻንጉሊቱን ነጥቃ ተመልሳ ወደኔ ትሮጣለች። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። እህቴ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትመጣና ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ጉልበቷን አቅፋ፣ ያኔ በኩሽናው ወለል ላይ እንደምትቀመጠው። በአራተኛው ቀን ሳትዞር በሹክሹክታ ተናገረችኝ።

"እታለሜ፣ ስትተኛ ብቻ ነው የማውቃት። ስትነቃ ሌላ ልጅ ትሆንብኛለች።"

ፊቴን አዞርኩ። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር፤ መስመሩ ደህና እንደነበር፣ ልጅቱን እኔ እያስተኛኋት እንደነበር። አልነገርኳትም። እሷ የአምስት ወር ምስጢር ይዛብኝ ነበር፤ እኔም የኔን ያዝኩ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብላ እግሬ ላይ ስትወድቅም አውፍ አልኩሽ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።

የሚሄዱበት ቀን ወንድሜ ደሴ የሚያደርሳቸውን መኪና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዲመጣ አደረገው። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሆነ ቀስ ብሎ መጥቶ ነገረኝ። ነቅታ ከሄደች እስከ ደሴ ታለቅሳለች፣ አንቺ አስተኚልን አለኝ። እንቢ ማለት እችል ነበር። ልጅቱ እማ እያለች በመስኮት ስትታገል አሰብኳትና አልቻልኩም። ውሃ አሞቅሁ። አጠብኳት፣ ቅቤ ቀባኋት፣ ቢጫውን ቀሚስ አለበስኳት። እሹሩሩ ስላት ዐይን ዐይኔን እያየች ሳቀች፤ እኔ እያለሁ ምንም እንደማይሆን አምና ተኛች። ካመኑኝ ሁሉ እጅግ የከዳሁት እሷን ነው። የሻርፔን ጫፍ ከጣቷ ማላቀቅ ስላቃተኝ ሻርፔን ከራሴ ፈትቼ ጠቅልዬባት ለእህቴ አቀበልኳት። መኪናው ቀስ ብሎ ነው የተነሣው፤ እንዳትነቃ ሹፌሩን ለምነውት ነበር።

እህቴ ላፕቶፑን ትታልኝ ሄደች። እንዳትናፍቅሽ በዚያው እንገናኛለን አለች። ሦስት ሳምንት ክዳኑን አልነካሁትም። ከዚያ አንድ ቀን የዘጠኝ ሰዓት ብቸኝነቱ ሲያንገበግበኝ ቡልኮውን አንጥፌ ከፈትኩት። ብዙም ሳይቆይ እህቴ ደወለች። ፊቷን አላሳየችኝም፤ ስልኩን ወደ አልጋ አዞረችው። ልጅቱ ተኝታለች። ፀጉሯ አንድ ቦታ ተይዟል፣ ጉንጯ ትንሽ ሞላ ብሏል። በእጇ ሻርፕ ይዛለች። አስጠግቼ አየሁት። የኔ አይደለም፤ የእህቴ ነው።

ቀስቅሻት፣ አንዴ ድምፄን ትስማ ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ቆየ። ሲመጣ ቃላቱ ሁሉ ተያይዘዋል፤ ስልኳ የሚጮህ ረጅም ቁልፍ ባይኖረውም ያኔ እኔ እንደምጽፍላት አያይዛ ጽፋዋለች።

"አሁንገናተኛችአትቀስቅሻት።"

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ደረሳዎቹ ያን ቀን በጊዜ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፣ አባቴ መስጊድ ናቸው፣ አልጋው ላይ ማንም የለም። እሺ ብዬ መለስኩላት። ስጽፈው እንኳ በጣቴ ሥጋ ነበር፣ ቀስ ብዬ።